ለፈተና ተብሎ የሚዋጥ የሌላ ሰው ክኒን

የአንባብያን ጥያቄና የፋርማሲ ባለሙያ መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ፣ ማለትም ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት የተላኩ ሲሆኑ፣ ጸሐፊዎቹ ሳይተዋወቁ ስለ አንድ መድኃኒት፣ ኤዲኤችዲ ለሚባለው የትኩረት ችግር ስለሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት፣ ጠይቀዋል። ማንነታቸውን ሊጠቁም የሚችለውን ሁሉ አውጥተን፣ ርዝመታቸውንም ቀንሰን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የአራተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ አክስት ከአሜሪካ ለጥየቃ መጥታ ስትመለስ፣ ለልጇ ታዝዞ የተረፈ መድኃኒት ከነጠርሙሱ ቤት ረስታ ሄዳለች። ጠርሙሱ ላይ ሜቲልፌኒዴት የሚል ጽሑፍ አለበት። ጓደኛዬ «እዚያ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ ፈተና ሲደርስ የሚወስዱት ይህንን ነው» ስላለን ለሚድ ፈተና ዋዜማ፣ ከራት ሰዓት በኋላ አንዳንድ ዋጥን። ምግብ ሳያሰኘኝ፣ እንቅልፍም ሳይመጣብኝ እስኪነጋ አነበብኩ፤ እንደዚያ ሌሊት አጥንቼ አላውቅም ብዬም ነበር። ፈተናው ላይ ግን ያሰመርኩበት መስመር በዓይኔ እየታየኝ ሐሳቡ አልያዝ አለኝ፤ ልቤም ከወትሮው በላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ውጤቴ ካለፈው የተሻለ አልሆነም። አሁን የመውጫ ፈተና ደርሷል፤ የሌላ ዶርም ልጆችም በገንዘብ እንድንሰጣቸው እየጠየቁን ነው። ክኒኑ ይጎዳል ወይ? እኔ ላይ ስለሠራ ኤዲኤችዲ አለብኝ ማለት ነው ወይ? ቢያንስስ ጫት ቅሞ ከማጥናት አይሻልም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጥያቄዎችህ በሁለተኛው ብጀምር ይሻላል፤ እሱ ሳይጠራ የቀሩት አይጠሩምና። ክኒኑ ስለሠራልህ በሽታው አለብህ ማለት አይደለም። ሜቲልፌኒዴት፣ በንግድ ስሙ ሪታሊን ወይም ኮንሰርታ እየተባለ የሚታወቀው መድኃኒት፣ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የተባሉት መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገሮች ወደ ወጡበት የአንጎል ሕዋስ እንዳይመለሱ በመከልከል በርከት ብለው እንዲቆዩ ያደርጋል። ይህ በታመመውም በጤነኛውም አንጎል ውስጥ የሚሆን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጁዲት ራፖፖርትና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ምንም ችግር ለሌለባቸው 14 ወንዶች ልጆች ዴክስትሮአምፌታሚን የተባለውን ተመሳሳይ አነቃቂ መድኃኒት ሰጥተው ሲመለከቱ፣ እነዚያ ጤነኛ ልጆችም እንደ ታካሚዎቹ ሁሉ እንቅስቃሴያቸው ቀንሶ፣ ትኩረታቸውም ጨምሮ ተገኝቷል። ክኒን ውጦ ራስን መመርመር የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረትን መሰብሰብ አለመቻልና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ የሚታይበት ችግር፣ የሚለየው የሰውየውን የኋላ ታሪክ ጠይቆ ነው። ሐኪም የሚመረምረው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ጀምረው እንደሆነ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም ታይተው እንደሆነና ኑሮን በእርግጥ አሰናክለው እንደሆነ ነው። በልጅነትህ ከብት ጠብቅ ተብለህ ከብቱ የሰው ገብስ ሲገባ በተደጋጋሚ ሳታይ የምትቀር፣ ደብተርህ ከወር በላይ የማይከርምልህ፣ የተጀመረ ነገር የማትጨርስ ልጅ ከነበርክና ይህም እስከ ዛሬ ካልለቀቀህ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሄደህ መመርመር ይገባሃል። ችግሩ በአዋቂዎችም ላይ ይገኛል፤ ሕክምናም አለው። ፈተና ሲቃረብ ብቻ የሚመጣ ሐሳብ መበታተን ግን ከድካም፣ ከጭንቀት ወይም ትምህርቱን ለመጨረሻው ሳምንት ከማከማቸት የሚመጣ ነውና ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። «እንደዚያ ሌሊት አጥንቼ አላውቅም» ያልከውና ውጤትህ አለመሻሻሉ የሚጋጩ ቢመስሉም፣ ሁለቱ አብረው የሚሄዱ መሆናቸው በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለ46 ጤነኛ ወጣቶች አንድ ጊዜ አምፌታሚን የተባለ አነቃቂ፣ ሌላ ጊዜ ምንም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ሰጥቶ በልዩ ልዩ የአእምሮ ፈተናዎች ሲለካቸው፣ በአብዛኛው ልዩነት አላገኘም፤ ወጣቶቹ ግን አምፌታሚን በወሰዱ ጊዜ የተሻለ የሠሩ መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመው ደግሞ ከዚህም አለፍ ይላል። 40 ጤነኛ ሰዎች የተለያየ ዋጋና ክብደት ካላቸው ዕቃዎች መካከል፣ ውስን ክብደት በሚችል ከረጢት ውስጥ ብዙ ዋጋ የሚያወጡትን መርጠው እንዲያስገቡ ተጠየቁ። አንተ የወሰድከውን ሜቲልፌኒዴት ጨምሮ ከሦስቱ አነቃቂዎች አንዱን በወሰዱ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ፈጅተው ዕቃዎቹን ደጋግመው ያወጡና ያስገቡ ነበር፤ ከረጢቱ ውስጥ የተገኘው ዋጋ ግን ያነሰ ሆነ። ያለ መድኃኒት ከአማካይ በላይ ይሠሩ የነበሩት፣ በመድኃኒቱ ጊዜ ከአማካይ በታች የመውረድ ዝንባሌ አሳዩ። አንተም ገጽ ገለጥክ፣ አሰመርክ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለፋህ፤ ልፋቱ ደስ ስላለህ ትምህርቱ የገባህ መሰለህ።

በዚህ ላይ የእንቅልፉን ጉዳይ ጨምርበት። በቀን የተማርነው ነገር በአንጎል ውስጥ ተደራጅቶ የሚቀመጠው በአብዛኛው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ውጤታቸው ቀስ እያለ እንዲወጣ ተደርገው ከተሠሩት የሜቲልፌኒዴት ክኒኖች መካከል እስከ 12 ሰዓት የሚሠሩ ስላሉ በጠዋት እንዲወሰዱ ይታዘዛሉ፤ ከራት በኋላ የዋጠ ተማሪ ፈተናው ክፍል የሚገባው መድኃኒቱ ሊያልቅ፣ ድካሙም ሊጀምር በተቃረበበት ሰዓት ላይ ነው።

ይጎዳል ወይ ላልከው፣ አዎን፣ ሊጎዳ ይችላል። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጭንቀትና ቁጡነት ያመጣል፤ አልፎ አልፎም ሰው ይከታተለኛል እስከማለት የሚያደርስ የአእምሮ መታወክ ያስከትላል። እየደጋገሙ መጠኑን ለሚጨምሩ ሰዎች ሱስ ይሆናል። እኔን በተለይ የሚያሳስበኝ ደግሞ በአገራችን ወጣቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው የልብ ቫልቭ ሕመም ነው። ብዙዎች ሳያውቁት አብሯቸው ይኖራል። ሐኪም ይህን መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ስለ ልብ ሁኔታ ይጠይቃል፣ ግፊት ይለካል፣ ካስፈለገም ተጨማሪ ምርመራ ያዝዛል፤ በዶርም ክኒን የሚያካፍል ጓደኛ ከዚህ አንዱንም አያደርግም። ደረትህን ካመመህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ራስህን ከሳትክ ወይም የልብህ ምት አልረጋ ካለህ ሳትውል ሳታድር ወደ ሆስፒታል ሂድ፤ ምን እንደወሰድክም ሳትደብቅ ተናገር። ሐኪሙ ሊረዳህ የሚችለው ይህን ካወቀ ብቻ ነው።

ከጫት ይሻላል ወይ የሚለው ጥያቄህ ሁለቱን የተለያዩ ነገሮች አድርጎ የሚያይ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ በምርቃና የተጠናውና በክኒን የተጠናው አወጣጣቸው ተመሳሳይ ነው። የከፋው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ በልብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይደራረባልና። ከዚያም ምርቃናውን ለማብረድ ተብሎ ወደ ጨብሲ ሲኬድ፣ አነቃቂው ስካሩን ስለሚደብቀው ሰውየው ምን ያህል እንደጠጣ አይታወቀውም።

ትምህርት የሚያስይዝ ነገር መፈለግ በእኛ አገር አዲስ አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት ዜማውና ቅኔው እንዲያዝ ይጠጣል ስለሚባለው አብሾ ያልሰማ የሸዋ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ለዚህ ያገለግላሉ ተብለው ከሚነገርላቸው ዕፆች መካከል አስተናግር አንዱ ነው። አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዘኛ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነዚህም ያስቃዣሉ፣ ስኮፖላሚን እንዲያውም ማስታወስን የሚያዳክም ነው። እነዚያን ሊቃውንት ሊቅ ያደረጋቸው የመምህሩን ቃል ሳያዩ ደጋግመው መቀጸላቸው፣ በማግስቱም በመምህሩ ፊት በቃል ማድረሳቸው እንደሆነ አምናለሁ። ለመውጫ ፈተናም የምመክርህ ከዚህ የራቀ አይደለም። ፈተናው የበርካታ ዓመታት ኮርሶችን አጣምሮ የሚጠይቅ፣ ለማለፍም 50 በመቶ የሚፈልግ ስለሆነ አንድ ሌሊት አይበቃውም። ሀንድአውቱን መልሶ መላልሶ ከማንበብና ከማስመር ይልቅ ዘግተህ በባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሰውን ጻፍ፤ የጎደለውን ብቻ ተመልሰህ እይ፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ደግመህ ራስህን ጠይቅ።

«እዚያ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ» የሚለውም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በ119 የአሜሪካ ኮሌጆች፣ ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተጠይቀው በተደረገ ጥናት፣ ባለፈው ዓመት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አነቃቂ መድኃኒት ወስጃለሁ ያለው 4.1 በመቶ ነበር። ዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ድርጊት በፈተና ማጭበርበር ውስጥ አስገብቶታል።

በገንዘብ ስጡን ለሚሏችሁ ልጆች መልሳችሁ አይሆንም መሆን አለበት። ሜቲልፌኒዴት እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ዓለም አቀፍ ስምምነት በሁለተኛው ሰንጠረዥ የተመዘገበ ነው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለውን ነገር መሸጥና ማከፋፈል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ የሸጣችሁት ክኒን የአንዱን ልጅ ሕይወት ቢያጠፋ ደግሞ ነገሩ ከሕግም በላይ ይሆናል። ጠርሙሱን ከነቀረው ክኒን ወደ ሆስፒታል ፋርማሲ ወስዳችሁ እንዲወገድ አስረክቡ።

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ በትምህርት ቤት አልቀመጥ፣ አልጽፍ እያለ ተቸግረን አዲስ አበባ ብናስመረምረው ኤዲኤችዲ ነው ተብሎ ይኸው ሜቲልፌኒዴት ታዘዘለት። መምህሩም እኛም ለውጥ አይተናል። አሁን ሁለት ነገር ገጠመኝ። አንደኛ፣ ዘመድ ጎረቤቱ «ልጁን ሱሰኛ ልታደርገው ነው፣ ጸበል ብትወስደው ይሻላል» ይለኛል። ሁለተኛ፣ የወር ክኒኑ ወሩ ሳይሞላ እያለቀ ስቆጥር ይጎድላል፤ ለካስ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታላቅ እኅቱ ለጥናት እየወሰደች ኖሯል። ነገሩን ሁሉ ጥዬ መድኃኒቱን ላስቆመው አስቤያለሁ።

መልስ፦ ጌታዬ፣ መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ አያስቁሙት። ያው ክኒን በልጅዎ እጅና በታላቅ እኅቱ እጅ ሲገኝ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለእሱ በዕድሜውና በክብደቱ ተመጥኖ፣ ግፊቱ፣ የልብ ምቱ፣ ክብደቱና ቁመቱ እየተለካ፣ መጠኑም በሐኪም እየተስተካከለ የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ ይህ መድኃኒት ለልጆች ሲሰጥ ደግሞ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ሆኖታል። በሐኪም ክትትል በአፍ የሚወሰደው መጠን ልጁን ሱሰኛ ያደርገዋል ተብሎ አይሠጋም። የሚጠብቁት ጉዳት ይልቅ የምግብ ፍላጎቱ መቀነስና ማታ እንቅልፍ እምቢ ማለት ነውና ቁርሱን ከክኒኑ በፊት ጠገብ አድርገው ያብሉት፣ ክኒኑንም ሐኪሙ ካዘዘው ሰዓት እንዳያሳልፉ። ጸበሉን በተመለከተ፣ መጠመቅ መድኃኒት አያስጥልም፤ ቤተሰቡ የሚያምንበት ከሆነ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ።

እርስዎ ሳይናገሩት ያለፉት አንድ ነገር አለ። ክኒኑ በጎደለባቸው ቀናት ትንሹ ልጅ ያለ መድኃኒት ትምህርት ቤት ሄዷል ማለት ነው። መምህሩ «ሰሞኑን ደግሞ ተመለሰበት» ብለው ከነበረ፣ ሐኪሙም ይህን ሰምቶ መጠኑን ቢጨምር ስሕተት ይሆን ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሆነውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩት። ጠርሙሱን ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ፤ በየጠዋቱ ክኒኑን ራስዎ ወይም እናቱ ይስጡት፣ ሲውጥም ይዩት፤ ቀሪውንም በየሳምንቱ ይቁጠሩ።

ሴት ልጅዎን እንደ ሌባ እንዳያዩብኝ እለምንዎታለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እሷም፣ ጓደኞቿም፣ መምህራኖቿም ያውቃሉ። ከመንዝ ገጠርና ከተማ የመጣ ልጅ በዚያ ቁጥር ሥር ሆኖ ሲያጠና የሚሰማውን ፍርሃት አቅልለን ልናየው አንችልም። አስቀምጠው ያነጋግሯት፦ ስንት ጊዜ ወሰደች፣ በስንት ሰዓት፣ ልቧ ይመታል ወይ፣ እንቅልፏስ? ከቤተሰቡ በወጣትነት በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም እሷ ሮጣ ራሷን ስታ የምታውቅ ከሆነ፣ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ለበርካታ ሳምንታት በየቀኑ ስትወስድ ከቆየችም፣ ስታቆም ለጥቂት ቀናት ድካም፣ የእንቅልፍ ብዛትና የስሜት መውረድ ሊታይባት ይችላልና ስንፍና ነው ብለው አይቆጧት፤ የስሜቷ መውረድ ከበረታ ግን ብቻዋን አይተዋት፣ ሐኪም ያናግሯት። ሲመሽ ውኃ መቅዳቱንና እንጀራ መጋገሩን ለፈተናው ወራት ከሌላው ቤተሰብ ጋር ቢካፈሉላት፣ ሌሊት ለመንቃት ክኒን የምትፈልግበት ምክንያት በከፊል ሊቀርላት ይችላል። በብዙ ቤት ወንዱ ሲያጠና ሴቷ ከማጀት የምትወጣው ከራት በኋላ መሆኑን እናውቃለን።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት የመድኃኒት መደብር ውስጥ እሠራለሁ። ወጣቶች የሐኪም ማዘዣ በስልክ ፎቶ አንስተው እያመጡ ሪታሊን ወይም «የማያስተኛ ነገር» ይጠይቁኛል፤ አንዳንዶቹም ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይፈልጋሉ። ብከለክላቸው ይቆጣሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሚያደርጉት ግልጽ ነው፤ አይስጡ። እንዲህ ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች የሚሰጡት ለእነሱ በተዘጋጀው ልዩ ማዘዣ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ራሱ፣ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ ተቋሙ ዘንድ ቀርቶ ይመዘገባል እንጂ ፎቶው አይተካውም። አንድ ፎቶ በአንድ ቀን ለአምስት መደብር ሊታይ ይችላል። ማዘዣው እውነተኛ ነው የሚል ካለ፣ የጻፈለትን ተቋም በስልክ እንደሚጠይቁ ይንገሩት፤ እውነተኛው ታካሚ ይጠብቅዎታል።

ሲከለክሉ ግን በሩን ብቻ አያሳዩ። «ስንት ቀን ሆነህ ሳትተኛ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙዎቹ ይናገራሉ። ልቡ የሚመታበት፣ የሚያልበውና ሰውነቱ የሚያተኩሰው ወጣት ሲያጋጥምዎት፣ በተለይም በቆላው ሙቀት ውስጥ ጫት ሲቅም የዋለ ከሆነ፣ አነቃቂ መድኃኒት የሰውነትን ሙቀት እስከ አደገኛ ደረጃ ሊያወጣ ስለሚችል ከፀሐይ ያንሡትና ጓደኛው ይዞት በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ ያድርጉ። ያለ ማዘዣ ከገበያ የተገዛ ክኒን ይዞ የመጣ ካለም፣ ውስጡ ያለው በላዩ የተጻፈው ላይሆን እንደሚችል ይንገሩት፤ በአሜሪካ አዴራል (የአምፌታሚን መድኃኒት) ተብለው ከተሸጡ አስመስሎ የተሠሩ ክኒኖች ውስጥ ሜታምፌታሚንና ፈንታኒል የተባለው እጅግ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ተገኝተዋል።